ሐምሌ ሃያ የሚነሳው ስም

አባቴ ኮሪያ ዘምተዋል። ስለ ኮሪያ የጠየቃቸው ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው። «ዳገት ነው» ይላሉ። ትንሽ ይጨምሩልን ብሎ የሙጥኝ ላላቸው ደግሞ «ይበርዳል» ይሉታል። መንዝ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ዳገትና ስለ ብርድ ሊሰማ አይጓጓምና ጨዋታው እዚያው ላይ ያበቃል። እኔም በልጅነቴ ኮሪያ ከግሼ ወዲያ ያለች አንዲት ወረዳ ትመስለኝ ነበር።

በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነገሩ ይለወጣል። ሐምሌ ሃያ፣ ጦርነቱ በቆመበት ቀን፣ አባባ ድፎ ዳቦ፣ አንድ ማሰሮ ጠላና ጧፍ ይዘው ወደ ደብራችን ይወርዳሉ። ድፎውን እናቴ በነበረች ጊዜ እሷ፣ ከዚያ ወዲህ እኔ ነኝ የምደፋው። የሐምሌን መንዝ ለሚያውቅ ሰው መውረዱ ራሱ ዘመቻ ነው። ጉሙ የዘረጉትን እጅ ይደብቃል፣ ጭቃው ጫማ ነጥቆ ያስቀራል። ደጀ ሰላሙ ሲደርሱ ለቄሱ የአንድ ሰው የክርስትና ስም ይነግራሉ። ኮሪያ ላይ የሞተ ጓደኛቸው ስም ነው። ቄሱ ስሙን እያነሱ ይጸልያሉ፣ ድፎው ይቆረሳል፣ አባባ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እስከ ዓመቱ ድረስ ኮሪያ እንደገና ዳገት ብቻ ትሆናለች።

ታዲያ ስሙ በየዓመቱ ይለያይ ነበር። አንድ ዓመት በ«ገብረ» የሚጀምር ነው፣ በዓመቱ በ«ወልደ»፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በ«ኃይለ»። መንደሩ ይህን ልብ ብሏል። ሰው ሁሉ የገመተው አባባ ስልሳ ሰባ ጓደኛ አልቆባቸው በየተራ እንደሚያስቧቸው ነው። በዚህም ይከበራሉ። ዕድር ላይ ክርክር ሲነሳ «እኒህ ሰውዬ ስንቱን የቀበሩ ናቸው፤ ዝም ብላችሁ ስሟቸው» ይባላል። የሚናገሩት ስለ ድንኳን ኪራይ ቢሆንም ይደመጣሉ። እሳቸውም የመንደሩን ግምት አስተባብለው አያውቁም።

ነገሩን ያነሱት አዲሱ ቄሳችን ናቸው። በዕድሜ ከእኔ ብዙ ያንሳሉ፣ ነገር ግን የሚነግሯቸውን ሁሉ በደብተር የሚጽፉ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ግንቦት ላይ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠሩኝ።

«አባትሽ ስንት ሰው ነው የሞተባቸው?»

«አላውቅም መምሬ። ብዙ ነው ይባላል።»

«እኔ ከመጣሁ እንኳ ሰባት ነው። ከእኔ በፊት የነበሩትን ጠየቅኳቸው፤ ቆጥሬ ደክሞኝ ትቼዋለሁ አሉኝ። ሁለቱ ስሞች ደግሞ ተደግመዋል።» ደብተራቸውን ገለጥ አደረጉ። «ሁለቴ የሞተ ሰው አለ ማለት ነው። እንዲያው ነገሩን ብትጠይቂልኝ።»

እኔ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። አስተማሪ ነኝ፣ ሠላሳ ዓመት ሞላሌ ከተማ የሰው ልጅ አስተምሬያለሁ፣ የነበረችኝም እዚያው አልቃለች። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ጠየቅኳቸው። አባባ የበግ ሱፍ ባናቸውን ተከናንበው እሳት ዳር ተቀምጠው ነበር። በቀኝ ጆሯቸው በኩል ዞርኩ፤ ግራው አይሰማም።

«አባባ፣ ኮሪያ ላይ ስንት ጓደኛ ነው የሞተብዎት?»

«አንድ» አሉ።

ጫማዬን አውልቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸውም እሳቱን ቆሰቆሱ። ቀጥሎ ያለውን ለማውጣት አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፤ አባባ ወሬ የሚሰጡት እንደ ዘር ገብስ ቆጥበው ነው።

ምሽጋቸው ውስጥ ሦስት ነበሩ። አንዱ አባባ፣ ሁለተኛው ከሐረር በኩል የመጣ ሰው፣ ሦስተኛው ደግሞ እናትና አባቱን የማያውቅ፣ በየሰው ቤት ያደገ ልጅ። አንድ ቀን ወደ ፊት ውጡ የሚባል ትእዛዝ ሲጠብቁ ልጁ ተናገረ። «እናንተ ብትሞቱ አገር ቤት ፍትሐት የሚያስፈታችሁ ዘመድ አላችሁ። እኔ ብሞት የክርስትና ስሜን የሚያውቅ ሰው የለም» አለ። እውነቱን ነው። ሰው በዓለም ስሙ ይጠራል፣ በዓለም ስሙ ይዘምታል፤ የሞተ ቀን ግን ቤተ ክርስቲያን የምታነሳው የተጠመቀበትን ስም ነው። እሱ ከሌለ ለማን ይጸለይ?

ስለዚህ ሦስቱ የክርስትና ስማቸውን ተነጋገሩ። እንዳይረሱት ደግሞ እንደ ዳዊት ተማሪ በቃል ያዙት። መጀመሪያ አባባ የራሳቸውን ይላሉ፣ ቀጥሎ የሐረሩ ሰው የራሱን ይላል፣ ልጁ የራሱን ይላል፤ ከዚያ ደግሞ ከመጀመሪያው። ከጥዋት እስከ ቀትር እንዲህ ሲሉ ዋሉ። የሞተ ቢኖር የተረፈው ሊያስፈታው ተማማሉ።

ከሰዓት በኋላ ምሽጉ ላይ የመድፍ ጥይት ወደቀ። ልጁ ወዲያው ሞተ። የሐረሩ ሰው ፊቱ ተተርትሮ በቃሬዛ ተወሰደ። አባባ የግራ ጆሯቸውን አጡ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ጦርነቱ ቆመ ተባለ። ሌላው ሲያቅራራና ሲጨፍር አባባ ለብቻቸው ዞር ብለው ስሙን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። የራሳቸው መጣ። ከዚያ ወዲያ ያለው የለም።

«ከጆሮዬ ጋር አብሮ ሄደ» አሉኝ።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ስም ከየት ነው የሚመጣው?»

«እገምታለሁ።»

«ይገምታሉ?»

«አንዱ ይመታ ይሆናል ብዬ ነዋ።»

ሰባ ዓመት ያህል ገምተዋል። በ«ገብረ» የሚጀምሩትን አዳርሰው ወደ «ወልደ»፣ ከ«ወልደ» ወደ «ኃይለ» አልፈዋል። የትኛውን ጨርሰው የትኛው እንደቀራቸው ሲጠፋባቸው ነው አንዳንዱ የተደገመው። ስንቱ የማያውቁት ሰው በአባቴ ድፎ ገነት ገብቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ለብቻቸው ተሸክመው፣ ለእናቴ እንኳ ሳይነግሩ።

«ቄሱ እኮ "ስሙን አንተ የምታውቀው" ብለው ሊጸልዩለት ይችላሉ» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ያውቀዋል።»

«እሱማ ያውቃል። አደራ የተሰጠው ግን ለእኔ ነው፤ ለእሱ አይደለም።»

 በዚህ እንደማልረታቸው ሳይ ጥያቄዬን ቀየርኩ።

የሐረሩን ሰው ለምን እንዳልፈለጉት ጠየቅኳቸው። ፈልገው ነበር። አገር ቤት ሲገቡ እሱ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ሌላ ጦር ተዛውሯል ተባሉ። እሳቸውም ውትድርናውን ትተው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ኮሪያ መዝመት የሚያስጠይቅ ነገር ሆነ፣ ሜዳሊያቸውን ከገብሱ ጋር ጎተራ ውስጥ ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ ልጅ ማሳደግ መጣ፣ እሱ ሲያልቅ እርጅና። ሰው የሚፈልገውን ሁሉ የሚተወው እንዲህ ነው፤ ተወው የሚለው ሳይኖር።

ሰኔ ላይ ከወረዳ ደብዳቤ መጣ። የጦርነቱ ማቆሚያ መታሰቢያ ሐምሌ ሃያ አዲስ አበባ ይከበራል፣ በሕይወት ያላችሁ ዘማቾች ተጋብዛችኋል ይላል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ያወቅኩት ያመጣው ሠራተኛ ሲነግረኝ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ መጥቶ አባባ «ሐምሌ ሃያ ሥራ አለብኝ» ብለው መልሰውታል።

ደብዳቤውን አነበብኩላቸውና «የሐረሩ ሰው በሕይወት ካለ እዚያ ይመጣል» አልኳቸው።

ደብዳቤውን ተቀብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ «መኪናው በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» አሉ።

«ገና ሰኔ ነው አባባ።»

«ብቻ ዕወቂው።»

ሐምሌ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ይዣቸው የምሄደው እኔ ነበርኩ። ሐምሌ አሥራ ስምንት ከሞላሌ ሚኒባስ ተሳፈርን። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ ስለበረታ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ቀኝ ያዝ፣ ግራ ያዝ» እያለ ሾፌሩን ይመራው ጀመር። ተሳፋሪው ሁሉ በየልቡ ይጸልያል። አባባ በሶ ጨብጠው ይበላሉ። ዕድሜያቸው ዘጠና አልፏል፣ ሚኒባስ ያስፈራቸዋል ብሎ መጠበቅ የእኔ ሞኝነት ነው። ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ገብተን ዘመድ ቤት አረፍን።

የሐምሌ ሃያ ዕለት ዝናቡ ከጥዋት ጀምሮ ነበር። ትልቅ ድንኳን ተተክሎ በፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ተደርድረዋል፣ ደረታቸው ሜዳሊያ፣ ጉልበታቸው ብርድ ልብስ። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጃንጥላ ተሰጣቸው፤ በሐምሌ የተሰጠ ስጦታ ስለሆነ አልናቅኩትም። አንዲት ወጣት ኮሪያዊት አባባ ፊት መጥታ እስከ መሬት ጎንበስ አለች። አባባ ጉልበታቸውን ልትስም የመጣች መስሏቸው «ተይ ልጄ፣ ተነሺ» ብለው በክንዷ አነሷት፣ ግንባሯን ሳሟት፣ መረቋት። ልጅቷ አንድም ቃል አልገባትም። «አሜን» የሚል ሰው ስለጠፋ እኔ አልኩላት።

ቀጥሎ ማይክሮፎን የያዘ ጋዜጠኛ መጣ።

«አባታችን፣ ኮሪያን እንዴት ያስታውሷታል?»

«ዳገት ናት።»

«ሌላስ?»

«ቁልቁለትም አላት።»

ጋዜጠኛው አመስግኖ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

ንግግር ሲጀመር አባባ ከወንበራቸው ተነሱ። ዘንጋቸውን ይዘው ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምረው የእያንዳንዱን ሽማግሌ ፊት ጎንበስ እያሉ ያዩ ጀመር። የመጀመሪያው አይሰሙም ነበር። ሁለተኛው ተኝተዋል። ሦስተኛው ጭራሽ ዘማች አይደሉም፤ በሞተ ወንድማቸው ፈንታ የመጡ ናቸው። እኔ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተልኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መድረኩ ላይ ያሉት ባለሥልጣን ታሪክ እንደማይረሳቸው እየነገሯቸው ነበር። ደረቱ ላይ ወረቀት የለጠፈ አስተናጋጅ እየሮጠ መጣ።

«አባት፣ እባክዎ ይቀመጡ። ክቡርነታቸው እየተናገሩ ነው።»

«ይናገሩ እንጂ፤ እኔ ከለከልኳቸው?» ብለው ወደ ሁለተኛው ረድፍ አለፉ።

ያገኟቸው ከመጨረሻው ረድፍ ነው፣ ድንኳኑ ከሚያፈስበት ጥግ። በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ከቅንድባቸው እስከ መንጋጋቸው የወረደ ጠባሳ አላቸው። አጠገባቸው በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ቆማ በነጠላዋ የዝናቡን ፍንጥቅጣቂ ትከላከልላቸዋለች። አባባ ቆሙ። ዘንጋቸውን ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«የዚህን ፊት ቁስል ያሰርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ሴትየዋ ልጃቸው ናት። «አባታችን ሰው አይለዩም» አለችን ቀስ ብላ። «እኔንም ነርሷ ነው የምመስላቸው። እንዳይከፋዎት።» የነገረቻቸው በግራ ጆሯቸው በኩል ስለነበር አባባ አልሰሙም።

«ታውቀኛለህ?» አሏቸው ሰውየውን። ሰውየው የሚወርደውን ዝናብ በሚያዩበት ዓይን አዩዋቸው። አባባ የዓለም ስማቸውን ነገሯቸው። ስለ ምሽጉ ነገሯቸው። ስለ ልጁ ነገሯቸው፤ የልጁን የዓለም ስምም ጠሩላቸው። ምንም የለም።  ይህን ሁሉ ዘመን፣ ያን ሁሉ መንገድ። የማይሆን ተስፋ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ ብዬ ራሴን ረገምኩ፣ «አባባ እንሂድ» አልኩ።

አልሰሙኝም፣ ወይም ሰምተው ተዉኝ። ባዶ ወንበር ጎትተው ከሰውየው ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀመጡ። ከዚያ አንድ የክርስትና ስም ተናገሩ፣ ጮክ ብለው፣ ሌላ ምንም ሳይጨምሩ። የማን እንደሆነ አላወቅኩም። ትንሽ ቆይተው ደገሙት። ሰውየው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሉት ሰውየው ሌላ ስም አሉ፤ የኔታ ፊት እንደቆመ ተማሪ ነጥረው። ትንፋሽ ሳይወስዱ ሦስተኛውን አስከተሉ።

ከዚያ አባባን አዩዋቸው። ተራው ያንተ ነው የሚሉ ይመስላሉ። አባባ የመጀመሪያውን አሉ፣ ሰውየው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አሉ። እንደገና ዞሩት። ስንት ጊዜ እንደዞሩት አልቆጠርኩም። ክቡርነታቸው ንግግራቸውን ጨርሰው ሲጨበጨብላቸውም አላቋረጡም።

«የመጨረሻው የማን ስም ነው?» አለችኝ ሴትየዋ።

«የሞተው ጓደኛቸው ነው።»

«መካከለኛውስ?»

ጠይቃ ሳትጨርስ ሁለታችንም ገባን። የአባቷ ነበር። ኖራ ኖራ አታውቀውም። እኔም ብሆን የመጀመሪያውን፣ የአባባን፣ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሃምሳ ዓመት አባባ እያልኩ ስኖር፣ አንድ ቀን ቢያርፉ ቄሱ ፊት ቆሜ ማን ብዬ እንደማስጠራቸው ለአፍታ አስቤ አላውቅም። አፈርኩ። ከአስተናጋጁ እስክሪብቶ ተቀብለን በዝግጅቱ ፕሮግራም ጀርባ ላይ ሦስቱንም ስም ጻፍን፣ አንድ ለእሷ፣ አንድ ለእኔ።

በመመለሻው መንገድ አባባ እኔንም በቃል አስጠኑኝ። «ጽፌዋለሁ እኮ» ብላቸው «ወረቀት ይረጥባል፤ በይ» አሉ። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ አጠፋለሁ፤ ጣርማ በር ላይ ግን አንድም አልሳትኩም። አጠገባችን የተቀመጠው ነጋዴም ሳይፈልግ ስሞቹን በቃል ሳይዝ አልቀረም።

ሐምሌ ሃያ ሁለት ጥዋት ወደ ደብራችን ወረድን። አባባ ለቄሱ ስሙን ነገሯቸው፣ አንድ ጊዜ፣ ጥርት አድርገው። የግምቱን ነገር አስቀድሜ ነግሬያቸው ስለነበር፣ ቄሱ ደብተራቸው ላይ ከጻፉ በኋላ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«የአሁኑስ እሱ ራሱ ነው?»

«የአሁኑ እሱ ነው» አሉ አባባ።

ተጸለየ። ድፎው ተቆረሰ። ወትሮ አባባ ይህ እንዳለቀ ዘንጋቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ያን ቀን ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። እናቴ ስትሞት እንኳ እንዲህ ሲያለቅሱ አላየሁም። ምን ላድርግ? አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። «ስሙን ጥዬ እስከ ዛሬ በምን ዓይኔ አለቅስለት ነበር» አሉኝ በለቅሶው መሃል።

በመንገዱ አንዲት ሴት ሱፍ ተሸክማ ወደ ሞላሌ ገበያ ስትወርድ አየችን። አላውቃትም። ሸክሟን አወረደችና ጭቃው ላይ መጥታ ከእኔ ጎን ተቀመጠች። በእኛ አገር የሚያለቅስ ሰው አልፎ ገበያ የሚሄድ የለም።

«እግዜር ያጥናችሁ» አለች። «ማን ነው ያረፈው?»

«የአባቴ ጓደኛ ነው።»

«መቼ?»

መዋሸት አልፈለግኩም። «ሰባ ዓመት አልፎታል። ኮሪያ ላይ ነው» አልኳት። ተነስታ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«እናት አለችው?»

«የለችውም። እናቱን አያውቃትም።»

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

ይህንን አላውቀውም። በአባባ ቀኝ ጆሮ በኩል ጎንበስ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሃያ አልሞላውም ነበር» አሉ።

ሴትየዋ ደረቷን መታች። «ወይ ልጄን» ብላ ታለቅስለት ጀመር።